ሕመሙ የጠፋው መንጋጋ፦ ልተወው፣ ላስነቅለው ወይስ ሩት ካናል ላሠራ?

ጥያቄ

«ዶክተር፣ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ። ከወለድኩ ብዙም ሳይቆይ በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዘኝ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። እስከ ጆሮዬ ይወጋኝ ነበር። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስውጥ ጠፋ። ከአንድ ወር በኋላ ሲመለስብኝ ደገምኩት፤ አሁን ምንም አያመኝም። ግን ድዴ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ወጥታለች። አንዳንዴ ትፈነዳና አፌን መጥፎ መጥፎ ይለዋል። እናቴ ‹ልጅ የእናቱን ጥርስ ይዞ ነው የሚወለደው› ትለኛለች። ጎረቤታችን ‹ትል ነው፣ ታጠኚው› አለችኝ። ባለቤቴ አስነቅለሽ ተገላገይ ይላል፤ እኔ ደግሞ ነርቭ ይነካል፣ ዓይን ያጠፋል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ያደግኩት ወንጂ ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው። ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና አትንኪ ስለተባልኩ በመፋቂያ ብቻ ነው የማጸዳው። ካላመመኝ ልተወው? ካልሆነስ ላስነቅለው ወይስ ሩት ካናል ላሠራ?»

ምላሽ

አትተይው። አሁን የማያምሽ ጥርሱ ስለተሻለው አይደለም፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ስለሞተ ነው። ድድሽ ላይ የወጣችው ብጉር ደግሞ የመግል መውጫ ናት። እዚህ የደረሰ ጥርስ በኪኒን አይድንም፤ በራሱም አይሽርም። የቀሩሽ መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ እስከ ሥሩ አጽድቶ መድፈን) ወይም ማስነቀል። የቱ እንደሚሻልሽ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ እወቂ፤ አለበለዚያ ነገ በሌላው ጥርስሽ ያንኑ ትደግሚዋለሽ።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ ስሜት ግን የለውም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባል ለስለስ ያለ ክፍል አለ። መሐሉ ላይ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ጠባብ ጓዳ ይገኛል። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ኢናሜሉን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ኢናሜሉ እስኪበሳ ድረስ ሰው ምንም አይሰማውም። ዴንቲኑ ጋ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃና ጣፋጭ ነገር ይቆረጥመዋል፤ ውሃው ሲዋጥ ስሜቱም ይጠፋል። ያኔ ሐኪም ጋ ብትሄጂ ኖሮ የተበላውን አጽድቶ፣ ሞልቶ በአንድ ቀጠሮ ይሸኝሽ ነበር።

ቀጥሎ ነርቩ ይቆጣል። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፤ ጥርስ ውስጥ ግን ማበጫ ቦታ የለም። ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ ግፊቱ ተመልሶ ነርቩን ይጨቁነዋል። ስትተኚ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ግፊቱ ይብሳል። ቀን ታግሦሽ ውሎ ገና ጋደም ከማለትሽ የሚጀምርሽ ለዚህ ነበር። ጆሮሽን የወጋሽም የመንጋጋውና የጆሮ አካባቢው ስሜት በአንድ ትልቅ ነርቭ ቅርንጫፎች ስለሚሄድ ነው፤ አእምሮ ቦታውን ይስታል። ጥርሳቸው ታሞ ጆሯቸው ውስጥ ጠብታ ሲጨምሩ ከርመው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሕመም፣ ማለትም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ሻይ ሲነካው የሚብስ፣ ማንም ሳይነካው የሚነሳ ሕመም፣ ነርቩ ወደ ጤናው እንደማይመለስ ይናገራል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነርቩ ይሞታል። የሞተ ነርቭ አያምም። ብዙ ሰው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ብሎ የሐኪም ቀጠሮውን የሚሰርዘው እዚህ ጋ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ግን አልሞቱም። የሞተው ነርቭ ምግባቸው ሆኗል። ከሥሩ ጫፍ ወጥተው ወደ መንጋጋ አጥንት ይገባሉ፤ በዚያ ዙሪያ አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል፣ መግልም ይጠራቀማል። መግሉ መውጫ ሲያጣ አጥንቱን በስቶ ድድ ላይ ብቅ ይላል። ያቺ ብጉር ይህች ናት። የማታምሽም መግሉ እየተነፈሰ ስለሆነ ነው፤ ክዳኑ ገርበብ ያለ ድስት እንደማይገነፍለው ማለት ነው። ቀዳዳዋ ተደፍና የቀረች ዕለት ግን ግፊቱ ይመለሳል፤ ፊትሽ አብጦ ልትነሺ ትችያለሽ። በመርፌ አትውጊያት፣ በጥፍርሽም አትጭመቂያት። ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ስለሆነ ብትፈነዳም ተመልሳ ትሞላለች።

አሁን ወደ አሞክሳሲሊኑ እንምጣ። በየሰፈሩ ፋርማሲ ቆሞ «የጥርስ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» የሚለውን ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የምናደደው ከገዢው ይልቅ ያለ ማዘዣ በሚሸጠው ነው። የጥርስ የሚባል አሞክሳሲሊን የለም። አንቲባዮቲክ በደም ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። ነርቩ ከሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ የሚዘዋወር ደም የለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ዋናው መደበቂያ ጋ አይደርስም። ከጥርሱ ውጭ ያለውን ቁጣ ለጊዜው ጋብ ያደርጋል፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ውስጥ ያሉት ተመልሰው ይወጣሉ። ባንቺም የሆነው ይኸው ነው፤ ወር ቆይቶ ተመለሰ። በመጀመሪያው ዙር ሕመሙን ያጠፋውም ምናልባት መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ የሚሞትበት ጊዜ ደርሶ ይሆናል።

አንቲባዮቲክ ለጥርስ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። እብጠቱ ወደ ጉንጭና ወደ አንገት ሲሰራጭ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም የሰውየው የመከላከል አቅም ሲዳከም ይሰጣል። ያኔም ከጥርሱ ሕክምና ጋር እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም። ሦስተኛ ዙር አትግዢ። በየጊዜው ቆንጠር እያደረግሽ በወሰድሽው ቁጥር መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ አንድ ቀን የእውነት ስትፈልጊው አይሠራልሽም። ጡት የሚጠባ ልጅም ላይ ተቅማጥ ወይም አፉ ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ሊያመጣበት ይችላል።

እናትሽ ያሉት በየቤቱ የሚባል ነገር ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ሕፃኑ ለአጥንቱ የሚፈልገውን ካልሲየም ከምትበዪው ምግብ ይወስዳል፤ ካነሰው ካንቺ አጥንት ይወስዳል። ከጥርስሽ ግን አይወስድም። ጥርስ አንዴ ከተሠራ በኋላ ካልሲየሙን ወደ ደም የሚመልስበት መንገድ የለውም። ሆኖም እናትሽ ያዩት ነገር ራሱ ልክ ነው፤ በእርግዝናና በአራስነት ጥርስ ይጎዳል። ምክንያቱ ሌላ ነው። በእርግዝና ወራት ማስታወክ አሲድ ያመጣል፤ በሆርሞን ለውጥ ድድ በቀላሉ ይደማል፤ የጥርስ ሳሙና ሽታ ያቅለሸልሻልና መቦረሽ ይቀራል። ከዚያ አራስ ቤት ይመጣል።

አራስ ቤትን አስቢው። አጥሚቱ በስኳር ወይም በማር ጣፍጦ በፔርሙስ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ሕፃኑ ሌሊት በነቃ ቁጥር እናት ትነቃለች፤ ወተት እንዲሞላላት አንድ ኩባያ ትጠጣለች፤ አፏን ሳትጉመጠመጥ ትተኛለች። ቀን ጠያቂ ለስላሳና ኬክ ይዞ ይመጣል። ጥርስን የሚጎዳው ከስኳሩ ብዛት ይበልጥ የጊዜው መደጋገም ነው። አንድ ጊዜ ጣፋጭ በቀመስሽ ቁጥር አሲዱ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጥርስሽ ላይ ይቆያል፤ ምራቅ ነው ቀስ ብሎ የሚያጥበው። ሌሊት ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። በቀን ሦስቴ ከምግብ ጋር ስኳር የምትወስድ ሴትና ሌሊቱን ሙሉ ፉት የምትል ሴት እኩል አይጎዱም። አጥሚቱን ጠጪ፤ ጥሩ ምግብ ነው። የሌሊቱን ግን ያለ ስኳር አድርጊው፤ ቢያንስ በንጹሕ ውሃ ተጉመጥመጪ።

የጎረቤትሽን ትል በአጭሩ ልለፈው። ጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ ኖሮም አያውቅም። የሚታጠነው ዘር ፍም ላይ ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ጽንሱ ነጭና ቀጭን ነው፤ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ትል ይመስላል። ጥርስ የሌለው ሰው ቢታጠንም ያው «ትል» ይወጣል። ጉዳቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ጢሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ አንዳንዱ ዘርም መርዛማ ነው። ቅርንፉድ የተለየ ነው። ውስጡ የሚያደነዝዝ ዘይት ስላለው ነርቩ ሕያው በሆነ ጥርስ ላይ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሣል፤ ያንቺ ጥርስ ግን የሚደነዝዝ ነገር የለውም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ፣ አረቄ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት መወተፍ፣ ቤንዚን መንከር፣ እነዚህ ሁሉ ሥጋውን ይልጡታል። ድዳቸው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ነጥቶ የሚመጡ ሰዎችን በየጊዜው አያለሁ።

ዓይን ያጠፋል የተባልሽውም አያስፈራሽ። የማየት ነርቭ በጥርስ በኩል አያልፍም፤ ጥርስ መነቀል ራሱ ዓይን አያጠፋም። እንዲያውም ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ዓይን አካባቢ ድረስ ሊያደርስ የሚችለው ሳይታከም የቆየ የላይኛው ጥርስ መግል ነው። ስለ ነርቩ ግን ፍርሃትሽ ጥቂት እውነት አለበት። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ከንፈርና አገጭ ላይ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ከጥርሶቹ ሥር በታች ያልፋል። አደጋው በአብዛኛው የሚነሳው አጥንት ውስጥ የተቀበረ የመጨረሻውን መንጋጋ ሲያወጡ ነው። በሌሎቹ መንጋጋዎች ላይ እምብዛም አይደርስም፤ ራጁም አስቀድሞ ያሳያል። «ካበጠ አይነቀልም» የሚባለውንም እግረ መንገዴን ላንሳው። ማደንዘዣ ቁጣ ባለበት ቦታ ላይ ደካማ መሆኑ ልክ ነው፤ ሆኖም ሐኪሙ ራቅ ካለ ቦታ ላይ ነርቩን ማደንዘዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ እብጠቱን የሚያጠፋው ራሱ ምንጩ መወገዱ ነው።

ወደ ውሳኔው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ራጅ ነው። ያለ ራጅ «ይነቀል» ወይም «ይሠራ» የሚልሽን አትስሚ። ትንሿ የጥርስ ራጅ የጨረር መጠኗ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጡት ማጥባትሽን አትነካም። ሐኪሙ ሦስት ነገር ያይባታል፦ በሥሩ ጫፍ ያለው ጥቁር ጥላ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሥሩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ ከድድ በላይ የቀረው የጥርስ ግድግዳ ሙሌትና ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚያለብስ ሰው ሠራሽ ቆብ) መሸከም ይችል እንደሆነ። ወሳኙ ሦስተኛው ነው። ጥላው ትልቅ መሆኑ ብቻውን የመንቀያ ምክንያት አይሆንም፤ አጥንት ተመልሶ ይሞላል። ከድድ በታች የተሰበረ ጥርስ ግን ነርቩን ቢያጸዱትም የሚያስቀምጡበት የለውም።

ሩት ካናል ሲባል ብዙ ሰው ይሸበራል። ሥራው እንዲህ ነው። በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ጥርሱ ዙሪያ ምራቅ እንዳይገባ የላስቲክ ሽፋን ይደረጋል። ከላይ ይከፈትና እንደ መርፌ በቀጠኑ ፋይሎች የእያንዳንዱ ሥር ቦይ ይጸዳል። የታችኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር ሲኖረው ቦዮቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ አንዷ ከተረሳች ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቦዩ የሚታጠብበት ፈሳሽ በቤታችን ከምናውቀው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው፤ የላስቲኩ ሽፋን አንዱ ጥቅም ይህ ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። በመጨረሻ ቦዩ ከዛፍ ወተት በሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ይደፈናል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀጠሮ ይፈጃል። ያንቺ ነርቭ ስለሞተ ሥራው ላይ ብዙም አያምሽም፤ የሚያስቸግረው ነርቩ ሕያው ሆኖ በተቆጣ ጥርስ ላይ ነው። ከሥራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ስታኝኪበት ሊሰማሽ ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ክራውን ካልተደረገለት በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ብዙ አካሉ ተቦርቡሮ የቀረ ጥርስ ነው። ቆሎ አንዲት ስትገጥመው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሥሩ ጋ ከደረሰ ገንዘብሽም ጥርስሽም ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ «ሩት ካናል ስንት ነው?» ብቻ አትበዪ፤ «ከነክራውኑ ስንት ነው?» በዪ። ክራውኑን ከአንድና ከሁለት ወር በላይ አታቆዪው። ሥራው መሳካቱን የምታውቂበት ምልክት በእጅሽ ነው፤ ብጉሯ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትደፈናለች። ተመልሳ ከወጣች የተረሳ ቦይ ወይም ያልታየ ስንጥቅ አለ፤ ተመለሺ። በስድስት ወርና በዓመቱ የሚነሳ ራጅ ደግሞ አጥንቱ መሙላቱን ያሳያል። በደንብ የተሠራ ሩት ካናል በአብዛኛው ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ዋስትና የሚሰጥሽ ሐኪም ግን ካለ ተጠራጠሪው።

ማስነቀል ፈጣንና ርካሽ ነው፤ መግሉንም በአንድ ቀን ይገላግልሻል። ባለቤትሽ ያሉት ስህተት የለውም፤ ሒሳቡ ግን እዚያ አያልቅም። መንጋጋ ሲወጣ የኋለኛው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያጋድላል፤ ከላይ ያለው አቻውም የሚነካው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል። ማኘክ ወደ አንድ ወገን ይሆናል። ክፍተቱን ለመሙላት ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ከሩት ካናሉ ይበልጥ ውድ ነው፤ ብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ) ደግሞ ጤነኛ ሁለት ጎረቤት ጥርሶችን መሞረድ ይጠይቃል። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይረክሳል፤ ለአንድ መንጋጋ ብለው የሚለምዱት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል።

ምክሬ ይኸውና። በዚህ ሳምንት ራጅ ተነሺ። የጥርሱ ግድግዳ ደህና ከሆነ ሩት ካናል አሠሪና በክራውን አልብሺው። የ31 ዓመት ሴት ነሽ፤ ይህ ጥርስ ገና ብዙ ዓመት የሚያኝክልሽ ነው። ራጁ ስንጥቅ ወይም ከድድ በታች የወረደ ስብራት ካሳየ ሳትንገራገሪ አስነቅዪው። የገንዘብ ነገር ከሆነስ? እቅጩን ልንገርሽ፤ ሩት ካናሉን ከፍለሽ ክራውኑን ጨርሶ የማትችዪው ከሆነ ማስነቀል ይሻልሻል። ከሁሉም የከፋው ሁለቱንም ትቶ መግሉን ይዞ መቀመጥ ነው። ዋጋው ከከበደሽ የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ጠይቂ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር አሉ። ወረፋው ረዥም ነው፤ ተማሪው በመምህር ቁጥጥር ሥር ስለሚሠራ ጊዜ ይወስዳል፤ ክፍያው ግን ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል።

ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ይልቅ መሣሪያው የሚወጣበትን ከረጢት እዪ። የታሸገው ከረጢት አንቺ ፊት መቀደድ አለበት። የጉበት ቫይረስ ከጀርም በደንብ ባልጸዳ መሣሪያ ይተላለፋል። «የታሸገ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥያቄውን የሚጠላ ክሊኒክ ካለ ተነስተሽ ውጪ።

ማስነቀሉ ከመጣ ጥንቃቄው ጥቂት ነው። የተሰጠሽን ፋሻ ነክሰሽ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ አድርጊ፤ በየደቂቃው እያወጣሽ አትዪው። በ24 ሰዓት ውስጥ አትጉመጥመጪ፣ አትትፊ፣ በስትሮ አትጠጪ። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው። እሱ ከወጣ አጥንቱ ይራቆትና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይጀምራል፤ ይህ ከሆነ ተመልሰሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ያስቀምጥልሻል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱና የሚያጨሱ ሰዎች ላይ ይህ ይበዛል። ከማግስቱ ጀምሮ በለብታ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ ከምግብ በኋላ ቀስ ብለሽ ተጉመጥመጪ።

ቀጠሮሽ እስኪደርስ ቢነሳብሽ የምትወስጂው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ነው፤ ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ሳያልፍ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለብሽ፣ ወይም እንደገና ካረገዝሽ አይቡፕሮፌኑን ተዪው። ዲክሎፌናክ ከሱ ጋር አትደርቢ፤ አንድ ዓይነት መድኃኒቶች ናቸው። ትራማዶልና ኮዴን በወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፉ አይሆኑሽም።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። እብጠቱ ከመንጋጋሽ በታች ወደ አንገት ከወረደ ወይም ወደ ዓይንሽ ከወጣ፣ አፍሽን መክፈት ካቃተሽ፣ ምራቅሽን መዋጥ ከከበደሽ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የታችኛው መንጋጋ መግል ከምላስ ሥር ሲሰራጭ የመተንፈሻ መንገድን ይዘጋል። ሰው በጥርስ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ሰዓታት ይበቁታል።

የወንጂው ጉዳይ ለብቻው ጥያቄ ይወጣዋል፤ ግን ቀጥታ ስለሚመለከትሽ አላልፈውም። ወንጂ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በተፈጥሮ ብዙ ፍሎራይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች በዚያ አካባቢ ተገኝተዋል። ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ያ ውሃ ሲጠጣ ኢናሜሉ በወጉ አይጠጥርም፤ በኋላ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ቡናማው ቀለም የተበላ ጥርስ ምልክት አይደለም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ያንቺ ጥርሶች ተሠርተው አልቀዋል። ዛሬ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ብትቦርሺ አንዲት ነጥብ ቡናማ አይጨምርም። «አትንኪ» ያለሽ ሰው የሚጠጣውን ውሃና የሚተፋውን ሳሙና ቀላቅሎብሻል፤ መከላከያሽን ነው የወሰደብሽ።

እናም ከዛሬ ጀምሮ ቱቦው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ የሚል ሳሙና ግዢ። ማታ ከመተኛትሽ በፊትና አንድ ጊዜ ቀን፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ስትጨርሺ ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ፤ የቀረው ሳሙና ነው የሚሠራው። መፋቂያውን አልከለክልሽም። ከወይራ ተቆርጦ ጫፉ በደንብ ከታኘከ የጥርስን ፊት ያጸዳል፤ በጥርስና በጥርስ መሐል ግን አይገባም፣ ከኋለኛው መንጋጋ ጀርባም አይደርስም፣ ፍሎራይድም አይሰጥም። ከብሩሹ በተጨማሪ ቀን በመፋቂያ ብትፍቂ ጥሩ ነው። ቡናማውን ለማስለቀቅ ሎሚ በሶዳ ወይም ከሰል መፈተግ ግን ይቅርብሽ፤ ቀለሙ ከኢናሜሉ ውስጥ ስለሆነ አይለቅም፣ የቀረሽን ሽፋን ግን ይፍቀዋል። ቀለሙ ካሳፈረሽ የመንጋጋው ሕክምና ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ላዩን በስሱ ሞርዶ ማጽዳት ወይም ፊቱን መሸፈን ይችላል፤ ጊዜ የሚጠብቅ ነገር ነው።

ልጅሽን በሚመለከት፣ የጡት ወተት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ስለሆነ እናት ብትጠጣውም ሕፃኑን ይጠብቀዋል። ወላጆችሽ ዘንድ ወንጂ ከሄድሽ የዱቄት ወተቱን ወይም ገንፎውን በጉድጓድ ውሃ አታዘጋጂ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። የመጀመሪያ ጥርሱ ብቅ ሲል የሩዝ ፍሬ በምታህል ሳሙና ጀምሪለት። ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የወተት ጥርስ ሳይነቀል ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አንድ ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ወላጆች የሚወልቅ እየመሰላቸው ይተዉታል፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው ቋሚ ጥርስም ይኸው ነው። ያንቺም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በቀጠሮሽ ቀን ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፤ በባዶ ሆድ ማደንዘዣ ሲወጉ ራሳቸውን የሚስቱ አሉ። ከመሄድሽ በፊት ልጅሽን አጥቢው። ለሐኪሙ እንደምታጠቢ፣ አሞክሳሲሊን ሁለት ዙር እንደወሰድሽ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ለመድኃኒት አለርጂ ካለብሽ ሳይጠይቅሽ ንገሪው። የጥርስ ማደንዘዣው ወተትሽን አይበክልም፤ አልበሽ የምትደፊው ነገር የለም። ስትመለሺ ከንፈርሽ እስኪነቃ ድረስ ትኩስ ነገር አትብዪ እንጂ ልጁን ወዲያው ማጥባት ትችያለሽ።